ሯጩ መምህር፦ ዶክተር ቻርልስ ድሩ

ዛሬ የምንተርክላችሁ ስለ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ስሙ ቻርልስ ድሩ ይባላል። በመጀመሪያ ስፖርተኛ ነበር፤ በኋላ መምህር ሆነ። ዓመተ ምሕረቱን የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቻርልስ በ1904 በዋሽንግተን ከተማ ተወለደ። አባቱ በየቤቱ ምንጣፍ የሚያነጥፍ ሠራተኛ ነበር። ልጁም ጋዜጣ ይሸጥ ነበር። በ1922 አምኸርስት ወደሚባለው ኮሌጅ ገባ። በዚያን ጊዜ እዚያ የሚማሩት ጥቁሮች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ቻርልስ በመሰናክል ሩጫ ጎበዝ ነበር፤ የሯጮቹም አምበል ሆነ። የአሜሪካ እግር ኳስም ይጫወት ነበር። ይኼ እኛ የምናውቀው ኳስ አይደለም፤ በእጅ ይዘው እየተጋፉ የሚሮጡበት ነው።

በ1926 ሲመረቅ ሕክምና መማር ፈለገ። ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ባልቲሞር ከተማ ወደሚገኘው ሞርጋን ኮሌጅ ሄደና ሁለት ዓመት አስተማረ። የኮሌጁንም ስፖርተኞች አሠለጠነ። ከዚያ ሆዋርድ ዩኒቨርሲቲን ጠየቀ። ዩኒቨርሲቲው ግን «የእንግሊዝኛ ትምህርትህ አይበቃም» ብሎ መለሰው። ካናዳ ተሻገረና በ1933 ከማክጊል ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ሆኖ ወጣ። ያው የመለሰው ሆዋርድ በ1935 በመምህርነት ቀጠረው! የእኛው ዶክተር መላኩ በያንም ሕክምና የተማሩት በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው።

እንግዲህ ወደ ደሙ ነገር እንምጣ። በዚያን ዘመን ከሰው የተቀዳ ደም ጥቂት ቀን ቆይቶ ይበላሽ ነበር። ዶክተር ድሩ ደም እንዴት እንደሚቀመጥ አጠኑ፤ በ1940 በዚሁ ጥናት ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከፍተኛ ዲግሪ አገኙ። ከደም ውስጥ ቀዩ ተለይቶ ሲወጣ የሚቀረው ውሃ መሰል ፈሳሽ ፕላዝማ ይባላል። ፕላዝማ ከደም ይልቅ ብዙ ጊዜ ይቆያል። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ከተሞች በጀርመን አውሮፕላኖች ይደበደቡ ነበር። በኒው ዮርክ ከሰው ደም እየተቀዳ ፕላዝማው ለእንግሊዝ ቁስለኞች ተላከ። ይህን ሥራ የመሩት ዶክተር ድሩ ናቸው።

በኋላ አሜሪካም ጦርነት ውስጥ ገባች። አሁን የሆነውን ስሙ። በመጀመሪያ የጥቁር ደም ለወታደር አይወሰድም ተባለ። በ1942 ይወሰድ ተባለ፤ ግን ከነጭ ደም ጋር እንዳይቀላቀል ለብቻው ተቀመጠ! የደሙን ሥራ ያቋቋሙት ሰው የራሳቸው ደም በሌላ ዕቃ የሚቀመጥ ሆነ ማለት ነው። ዶክተር ድሩ ይህ ሥርዓት ከሳይንስ የመጣ እንዳልሆነ በአደባባይ ተናገሩ። የሰው ደም በዓይነት ይለያያል እንጂ በቆዳ ቀለም አይለያይም።

እሳቸው በዚያን ጊዜ ወደ ሆዋርድ ተመልሰው ነበር። ጥቁር ሐኪሞች ቀዶ ሕክምና የሚማሩበት ቦታ ጥቂት ነበር፤ ብዙ ሆስፒታሎች በራቸውን ዘግተውባቸዋል። ስለዚህ ዶክተር ድሩ ጉልበታቸውን ሁሉ በማስተማር ላይ አዋሉ። እኔ ራሴ አስተማሪ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ከደሙ ሥራ ይልቅ ይኼኛው ይበልጥብኛል። ደቀ መዛሙርታቸው በየከተማው ቀዶ ሐኪሞች ሆኑ፤ ሌሎችንም አስተማሩ።

ሚያዝያ 1 ቀን 1950 ከሌሎች ሐኪሞች ጋር ወደ ቱስኬጊ ሲጓዙ፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ መኪናቸው ተገለበጠ። ዕድሜያቸው 45 ነበር። «ጥቁር ናቸው ብሎ ሆስፒታሉ አላክምም አለ» የሚል ወሬ ለብዙ ዘመን ተወራ። ወሬው እውነት አይደለም። የነጮቹ ሐኪሞች ሊያድኗቸው እንደደከሙ አብረዋቸው የነበሩት መስክረዋል፤ ጉዳቱ ግን ከባድ ነበር።

የአሜሪካ ቀይ መስቀል ደምን በቀለም መለየቱን የተወው በዚያው በ1950 መጨረሻ ላይ ነው።