የመሳቢያው ጀርባ

እስኪ ጠጋ በሉ፤ የአንድ ጠረጴዛ ነገር ላውጋችሁ።

ሮማኒና ከሮም ደቡብ ምሥራቅ ዳር ያለች ሰፈር ናት። እዚያ ቀድሞ የቶር ቬርጋታ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ ፋኩልቲ የነበረ ትልቅ ሕንፃ አለ። ባዶውን ቆሞ ሳለ በ2006 እ.ኤ.አ. ከኤርትራ፣ ከኢትዮጵያ፣ ከሱዳንና ከሶማሊያ የመጡ ስደተኞች ገቡበት፤ ስሙም «ሰላም» ተባለ። ከነዋሪዎቹ መካከል አንድ አዛውንት አውቃለሁ፤ ጋሼ ልበላቸው። አዲስ አበባ ሳሉ አናጢ ነበሩ፤ እዚህ ደግሞ አሮጌ የቤት ዕቃ ከሚያድስ ሰው ዘንድ ይውላሉ።

አንድ እሑድ «ተነሥ ልጄ፣ ፖርታ ፖርቴዜ እንውረድ» አሉኝ። ፖርታ ፖርቴዜን የሮም ምናለሽ ተራ በሉት፤ አሮጌ ዕቃ የሚቸበቸብበት ገበያ ነው። ከአናኚና ጣቢያ ሜትሮ ይዘን ወረድን።

እዚያ አንዱ ነጋዴ «ሞጋኖ! የእንግሊዝ! አሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን!» እያለ ይጮሃል። ሞጋኖ ማሆጋኒ ነው። ጠረጴዛው እንደ ተቆላ ቡና ቀልቷል፣ ያብረቀርቃል፣ ላዩ ላይ ወርቅ ቅብ ጥለት ያለው አረንጓዴ ቆዳ ተለጥፎበታል። እኔማ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ጋሼ ላዩን አላዩትም። መሳቢያውን ሳብ አድርገው አወጡና እንደ ሕፃን ጭናቸው ላይ አስተኙት። «እዚህ ማዕዘን ላይ ጣትህን አሳርፍ» አሉኝ። ሁለቱ ሳንቃዎች ያለ ሚስማር ተቆላልፈዋል። ጣሊያኖች ይህን አገጣጠም «የጨረባ ጅራት» ይሉታል፤ ወደ ጫፉ እየሰፋ ስለሚሄድ ቢጎትቱት አይወልቅም። «በእጅ የተቆረጠ ቢሆን አንዱ ጅራት ሰፋ፣ አንዱ ጠበብ ይል ነበር። ሰውየው ከመቁረጡ በፊት በሹል ብረት ያሰመራትም መስመር ሳትጠፋ ትገኛለች። ይኸው እይ፤ ሁሉም እኩል፣ መስመር የለም። የማሽን ነው።» ገለበጡት። ታቹ ኮምፐንሳቶ!

ነጋዴው ዝም አለ። ዋጋውን ግን አልቀነሰም፤ የሮም ነጋዴ አይደል።

ስንመለስ ሜትሮ ውስጥ ወጋቸውን ቀጠሉ። እንግሊዝ በ1721 ከቅኝ ግዛቶቿ በሚገባ እንጨት ላይ ቀረጡን ስታነሣ ማሆጋኒ ከጃማይካ ይጎርፍ ጀመር። ዛፉን የሚጥሉት ከአፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ነበሩ። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ግንዱ ወፍራም ስለሆነ ሰፊ ሳንቃ ይወጣዋል፤ ከደረቀ በኋላ እምብዛም አይጣመምም፣ ለመሮም ይታዘዛል። ቶማስ ቺፐንዴል በ1754 የቤት ዕቃ ንድፎቹን በመጽሐፍ ሲያሳትም ሀብታሙ ሁሉ ማሆጋኒ ማሆጋኒ ይል ነበር። ብልሆቹ አናጢዎች ታዲያ ውዱን እንጨት ለፊት ለፊቱ ያደርጉና የመሳቢያውን ጎን በኦክ ይሠሩት ነበር። ማሆጋኒን የሚያብረቀርቀው ጎማላካ የተለመደው ግን ኋላ፣ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ነው። ነፍሳት የሚያመነጩት ሙጫ በአልኮል ይሟሟና በጨርቅ እየታሸ፣ እየደረቀ፣ እንደገና እየታሸ ለቀናት ይቀባል።

«ከእኛ አገር ዋንዛ ጋር ሲተያይስ?» አልኳቸው።

«ዋንዛ ይቀለኛል፤ እጄ ያውቀዋል» አሉ።

እናንተም ፖርታ ፖርቴዜ ብትወጡ ከመሳቢያው ጀርባ ጀምሩ። ማልዳችሁ ግን ውጡ፤ ገበያው በእኛ አቆጣጠር 8 ሰዓት ገደማ ይበተናል።