የአባት ስም ያለው መሬት

ባንጃ፣ አንካሻ፣ ዚገም፣ ቻራ፣ ኳኩራ፣ አዘና፣ መተከል። እነዚህን ስሞች ካርታ ላይ የሚያነብ እንግዳ የቦታ መጠሪያ ብቻ ይመስሉታል። በአካባቢው ትውፊት ግን ሰባቱም የወንድማማቾች ስም ናቸው፤ “ሰባት ቤት አገው” የሚባለው የእነሱ ዘር ነው፣ አገሩም የተጠራው በየአቅኚው አባት ስም ነው። ትውፊቱ ቃል በቃል እውነት ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለሌላ ጊዜ እንተወው። ለዛሬው ጉዳያችን የሚበቃን በአዊ አገር፣ በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ፣ “ይህ መሬት የማን ነው?” ለሚለው ጥያቄ ጥንታዊው መልስ አባት መቁጠር እንደነበረ ማሳየቱ ነው። ያንን ጥያቄ ዛሬ ባለሙያም ሊመልሰው ይገባል፦ በ2017 ዓ.ም. የሪል ስቴት ልማትና የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትና ግመታ አዋጅ ወጥቷል። ለንብረት ግብይትና ግመታ ሙያ ፈቃድ የሚዘጋጅ ሰው የባለቤትነትን ዓይነቶች ሲያጠና ከሊዝና ከኮንዶሚኒየም መጀመር ይቀናዋል። እኔ የምለው ከርስት ይጀምር ነው፤ ርስትን ያላወቀ ሰው ዛሬ በአዊ ገበሬ እጅ ያለው መብት ምን እንደሆነ አይገባውም።

ርስት ዛሬ “ንብረት” ስንል የምናስበው ነገር አልነበረም። አንትሮፖሎጂስቱ አላን ሆበን በደጋ ዳሞት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ የጎጃም ገበሬ ርስት የሚጠይቀው በአባቱም በእናቱም በኩል ዘሩን ቆጥሮ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በብዙ ቦታ የመጠየቅ መብት ነበረው፤ በእጁ የሚገባው ግን ተሟግቶ ያገኘው ብቻ ነው። ያንኑ ማሳ ጉልት የተሰጠው ጌታ፣ ባለጉልቱ፣ ግብር ይበላበታል፤ ባለርስቱ በጉልበቱ ካላረሰው ደግሞ ምርቱን የሚካፈል እኩል አራሽ ይገባበታል። አንድ ጥማድ መሬት ላይ ሦስት ሰው “የእኔ” ይላል፣ ሦስቱም አልዋሹም። አንዳቸውም ግን እንደ በሬ ገበያ አውጥተው ለባዕድ ሊሸጡት አይችሉም፤ ገና ያልጠየቀ ዘመድ ከኋላ አለና። “ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ” የሚለው ተረት የይርጋ ዘመን የሌለው ሕግ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ በአንቀጽ 1168 ለ15 ዓመት ግብር የከፈለ ባለይዞታ ባለሀብት ይሆናል ሲል የቤተሰብ ርስትን ከዚህ ለይቶ አስቀርቷል። ስለ የጋራ ባለሀብትነት፣ ስለ አላባና ስለ ንብረት አገልግሎት በዝርዝር የጻፈ ሕግ ተረቱን አልፎ መሄድ አልቻለም።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሳል። አንደኛው፣ ርስት የአማራ ሥርዓት ነው፣ አዊ ግን የራሱ ወግ አለው የሚል ነው። የወጉን ልዩነት አልክድም። ሆኖም የሰባቱ ቤት ትውፊት ራሱ መሬትን በአባት የሚቆጥር ነው፤ አገው ምድርም ዳንግላን ዋና ከተማ አድርጎ የጎጃም አውራጃ ሆኖ ሲተዳደር በዚያው የመሬት ሥርዓት ውስጥ ነበር። ጎጃም መሬቱ እንዳይለካ ምን ያህል እንደታገለ ደግሞ ይታወቃል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ሲታወጅ በተለይ በደጋ ዳሞትና በሞጣ በኩል ገበሬው መሣሪያ አነሳ። ያስቆጣው የብሩ መጠን ብቻ አልነበረም፤ ገማቹ ማሳው ውስጥ ከገባ መሬቱ ተለክቶ ርስትነቱ ይቀራል የሚለው ፍርሃት ይበልጥ ከብዶ ነበር። መንግሥትም በመጨረሻ ወደኋላ አለ፤ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ከሥሩ ነቅሎታል፣ ታዲያ ስለ ሞተ ነገር ምን ያስጠናናል? እርግጥ ነው፣ ነቅሎታል። በርስት አገር አዋጁ ገበሬው በዚያን ጊዜ የሚያርሰውን እንዲይዝ ፈቀደ፤ ሌላ ቦታ ሄዶ ዘር ቆጥሮ መጠየቅን ግን ዘጋ። ለአዊ ገበሬ ትልቁ ስብራት ይህ ይመስለኛል፤ በደቡብ ጭሰኛው መሬት ሲያገኝ፣ በጎጃም ባለርስቱ የአያቱን ስም የመጥራት መብቱን አጣ። ያም ሆኖ ያልተለወጠ ነገር አለ። መሬት ያኔም ለባዕድ አይሸጥም ነበር፣ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም አይሸጥም። ያኔ ሽያጩን የሚከለክለው ዘመድ ነበር፤ ዛሬ መንግሥት ነው። የአማራ ክልል የ1998 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 133 ደግሞ ማውረስን፣ መስጠትንና እስከ 25 ዓመት ማከራየትን ለባለይዞታው ፈቅዶ ነበር።

የዚህ መብት ማስረጃ የሆነውን የይዞታ ደብተር ገልጦ ያየ ሰው ለውጡንም ቀጣይነቱንም አንድ ላይ ያገኛል። አረንጓዴ ሽፋን አለው፤ ውስጡ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፏል፤ ማሳው በአዋሳኝ ተጽፏል። ድሮ አያት ይጠራ በነበረበት ቦታ አሁን የሁለት ሰዎች ፊት አለ። ሚስት በራሷ ስም የገባችበት በመሆኑ ይህን ለውጥ ከልቤ እደግፈዋለሁ። ከደብተሩ ወጥቶ ወደ አዊው ፋግታ ለኮማ ወረዳ የሚሄድ ሰው ደግሞ ብዙ ማሳ ዲከረንስ የሚባል ግራር ለብሶ ያያል፤ ገበሬው ጤፍና ገብስ ይዘራበት የነበረውን መሬት ለከሰል ግራር ሰጥቶታል። ነጋዴው ዛፉን በቁሙ ይገዛል፤ ቆርጦ፣ አክስሎ፣ ጭኖ ይሄዳል። ዋጋ የሚገምት ባለሙያ እዚህ የሚገምተው ዛፉንና የመጠቀም መብቱን እንጂ አፈሩን አይደለም። እንጅባራ ከተማ ውስጥም እንዲሁ ነው፤ ባለ ካርታው የሚሸጠው ቤቱን ነው፣ ቦታው በሊዝ ከሆነ ዘመን ተቆጥሮለታል።

ስለዚህ ለፈቃድ የምታሠለጥኑ ሰዎች ሆይ፣ የመጀመሪያውን ቀን ትርጉም በማስሸምደድ አታሳልፉት። አንድ አረንጓዴ ደብተር ጠረጴዛው ላይ አኑሩና ማን ያርሰዋል፣ ማን ይወርሰዋል፣ ማን ሊሸጠው አይችልም ብላችሁ ጠይቁ።