በአስገድዶ መድፈር የተከሰሰ ሰው መብትና ቅጣት

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 620 ሴትን አስገድዶ መድፈር ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚያስቀጣ ይደነግጋል። ተበዳይዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት የሆናት ወጣት ከሆነች ቅጣቱ እስከ 20 ዓመት ይደርሳል።

በሕገ መንግሥቱ መሠረት ተጠርጣሪው ያለመናገር መብት አለው፤ የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ ይገባዋል። ጥፋተኛ እስኪባል ድረስም እንደ ንጹሕ ይቆጠራል። ጠበቃ ለማቆም አቅም ካጣና በዚህም ምክንያት ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ያቆምለታል።

በገጠር ጉዳዩን በሽምግልና፣ በካሳ ወይም በጋብቻ ለመቋጨት የሚሞክሩ ቤተሰቦች አሉ። ይሁን እንጂ ክሱን የሚመሠርተው ዐቃቤ ሕግ በመሆኑ የቤተሰብ ዕርቅ የወንጀል ተጠያቂነትን አያስቀርም። ጠለፋን የሚመለከተው አንቀጽ 587ም ጠላፊው የጠለፋትን ሴት ቢያገባ እንኳ ከተጠያቂነት እንደማይድን በግልጽ ደንግጓል።