በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፦ ከኡጋንዳ የፀረ ኤድስ ዘመቻ ታሪክ

በየዓመቱ ዲሴምበር 1 ቀን የዓለም የኤድስ ቀን ሲደርስ የፀረ ኤድስ ክበቦች ድራማ ያዘጋጃሉ፣ ግጥም ያነባሉ፣ ፖስተር ይሥላሉ። ፖስተሩ ላይ አንዳንዴ የራስ ቅል ወይም ከስቶ አጥንቱ የቀረ ሰው እናያለን። ሰው ከፈራ ይጠነቀቃል ብለን እናስባለን። ግን እውነት ነው ወይ? ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ከምናገኝባቸው አገሮች አንዷ ኡጋንዳ ናት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1982 በራካይ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር በምትገኘው ካሴንሴሮ በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ ሰዎች እየከሱ መሞት ጀመሩ። ሕዝቡ በሽታውን «ስሊም» አለው፤ ቀጭን ማለት ነው። ምክንያቱ ሲጠየቅ «የታንዛኒያ ነጋዴዎችን ዕቃ ስለወሰዱ ድግምት ተደርጎባቸው ነው» ተባለ። ይህ ወሬ ከበሽታው ያልተናነሰ ጉዳት ነበረው። በሽታው የሌባ ከሆነ ያልሰረቀ ሰው ምን ያስፈራዋል? ሁሉም «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ተቀመጠ።

በጃንዋሪ 1986 ዮዌሪ ሙሴቬኒ ሥልጣን ያዙ። በዚያው ዓመት ሐራሬ ላይ በተደረገ ጉባኤ ፊደል ካስትሮ ለብቻቸው አነጋገሯቸው። ለሥልጠና ወደ ኩባ ከተላኩት 60 የኡጋንዳ ወታደሮች መካከል 18ቱ ቫይረሱ በደማቸው መገኘቱን ነገሯቸው። ብዙ መንግሥታት በዚያን ጊዜ ቱሪስት ይሸሻል፣ ስማችን ይጠፋል ብለው ጉዳዩን ሸፋፍነውታል። ኡጋንዳ ግን በአደባባይ ተናገረች። ሬዲዮው መልእክቱን ከማስተላለፉ በፊት፣ በገጠር አደጋ ሲመጣ ሰው የሚጠራበትን የከበሮ ድምፅ ያሰማ ነበር። ዋናው መፈክርም ከአርብቶ አደሩ ኑሮ የተወሰደ ነው፤ ከብቱ ሜዳ ለሜዳ ሳይዞር በረት ውስጥ ይቀለብ የሚል ነው። ትርጉሙን ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም፤ ከትዳርህ ውጭ አትዙር ማለት ነው። ገበሬውም ወታደሩም በሰማው ጊዜ ይስቃል፣ ግን ይገባዋል።

ከበሮ ብቻውን ግን ፍርሃት ነው። ፍርሃት ደግሞ ሰው እንዲደበቅ እንጂ እንዲመረመር አያደርግም። ነገሩን የለወጡት ፊታቸውን ያሳዩ ሰዎች ናቸው። በ1987 ባለቤታቸው በኤድስ የሞቱባቸው ኖሪን ካሌባ ከሌሎች 15 ሰዎች ጋር «ታሶ» የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ሥራው የታመመውን መጎብኘት፣ ማጽናናትና ቫይረሱ ይዞም በደህና መኖር እንደሚቻል ማስተማር ነበር። በ1989 ስዊድን ይኖር የነበረው ታዋቂው ድምፃዊ ፊሊ ሉታያ አገሩ ገብቶ «ቫይረሱ በደሜ አለ» ብሎ ተናገረ። መጀመሪያ ብዙ ሰው አላመነውም፤ ካሴት ለመሸጥ ነው ያሉት ነበሩ። እሱ ግን አቅሙ እያለቀ እንኳ ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን እየዞረ አስተማረ። በዲሴምበር 1989 በ38 ዓመቱ ሞተ። ያን ጊዜ «እነሱ» የሚባል በሽተኛ ቀረ፤ ሁሉም የሚወደው ዘፋኝ ታሟልና።

ለወጣቱ ደግሞ በ1993 «ስትሬት ቶክ» የተባለ ጋዜጣ ወጣ፤ ግልጽ ንግግር ማለት ነው። ወጣቶች በደብዳቤ ጥያቄ ይልካሉ፣ ጋዜጣው ሳያፍርና ሳይሰድብ ይመልሳል። ወላጅና መምህር አፍሮ ያለፈውን ጥያቄ ጋዜጣው መለሰ።

ውጤቱስ? በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከአዋቂው ሕዝብ 15 በመቶ ያህሉ ቫይረሱ ነበረበት፤ በ2001 ወደ 5 በመቶ ገደማ ወረደ። ነገር ግን ቁጥሩ ሲቀንስ የሞቱትም ከቁጥሩ እንደወጡ መርሳት የለብንም። ዘመቻው ሲቀዘቅዝም ቁጥሩ ተመልሶ ወጣ፤ በ2011 በተደረገው ጥናት 7.3 በመቶ ሆነ። አንድ ጊዜ የተማረ ትውልድ ለሚቀጥለው ትውልድ አይበቃም ማለት ነው።

በኢትዮጵያም ተመሳሳይ መንገድ እናያለን። የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን የታወቁት በ1986 ነው፤ ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች እንደ መቅድምና ተስፋ ጎህ ያሉ ማኅበራትን አቋቁመው በአደባባይ ማስተማር የጀመሩት ግን በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ከ2002 እስከ 2004 በሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» ድራማም ብዙ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ስለ በሽታው እንዲያወራ አድርጓል፤ አድማጮች በሺህ የሚቆጠር ደብዳቤ ጽፈውለታል።

እንግዲህ ለእኛ ክበቦች ምን ይቀራል? ካምፕ ውስጥ ወሬ ቶሎ ይሮጣል። «በሽታውን ያመጡት የእነ እገሌ ሰዎች ናቸው» የሚል ነገር ስንሰማ የካሴንሴሮን ድግምት እናስታውስ። ዛሬ መድኃኒት አለ። መድኃኒቱን በትክክል ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የቀነሰለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። ስለዚህ የራስ ቅሉ ሥዕል ዛሬ አስፈሪ ብቻ ሳይሆን ውሸትም ነው። በሚቀጥለው ዲሴምበር በየክፍሉ የጥያቄ ሣጥን እናስቀምጥ፤ ስም አይጻፍበት። የሚመጣውን ጥያቄ ሁሉ፣ የሚያሳፍረንንም ጭምር፣ ከጤና ባለሙያ ጋር ሆነን እንመልስ። የማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይም የራስ ቅሉን አንሥተን የምርመራውን ቦታና ሰዓት እንጻፍበት።