ስማ፤ ላልሰማም አሰማ
(ሙዚቃና ሥዕል በአራዳ እንዴት ሰሚና ተመልካች አገኙ)

በቀድሞው ዘመን የመንግሥት ዐዋጅ በአራዳ ገበያ ሲነገር ነጋሪት ይጎሰምና ዐዋጅ ነጋሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ስማ፣ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ይል ነበር። ገበያተኛውም ሚዛኑን አስቀምጦ፣ ነጋዴውም አህያውን አቁሞ ያዳምጥ ነበር። ይህ አነጋገር አጭር ቢሆንም ሁለት ሥራ ያዝዛል። አንደኛው መስማት ነው፤ ሁለተኛው የሰሙትን ለሌላው ማድረስ ነው። እኔም ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ስለ አራዳ ሙዚቃና ሥዕል ታሪክ ለመጻፍ ሳስብ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። ስለ ኪነ ጥበብ በሚጻፍበት ጊዜ ሁሉ የሚወሳው ሙዚቀኛውና ሠዓሊው ነው፤ ሰሚውንና ተመልካቹን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። የአራዳን ታሪክ የመረመረ ሰው ግን ጥበብ ሥር የሰደደችው ሰሚ ባገኘችበት ስፍራ ሁሉ መሆኑን ያስተውላል።

አንባቢ እንደሚያውቀው አራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያደገ የአዲስ አበባ ታላቅ ገበያ ነበር። ፒያሳ የሚለው ስም በጣልያን ወረራ ዘመን የመጣ ሲሆን በጣልያንኛ አደባባይ ማለት ነው። በዚያው ዘመን ገበያው ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ ተዛወረ። ገበያው ቢሄድም ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሆቴሉ፣ ሲኒማ ቤቱና ቴያትር ቤቱ በሰፈሩ ስለ ነበሩ ሰው ወደ አራዳ መምጣቱን አልተወም።

የአራዳ የመጀመሪያው የሙዚቃና የሥዕል አዳራሽ የቱ ነው የሚል ቢኖር መልሱ ቤተ ክርስቲያኑ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሆኖ በስምንት ማዕዘን የታነጸ ነው። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚሁ ስፍራ ነው። በበዓል ሌሊት ሊቃውንቱ ማሕሌት ሲቆሙ የቅዱስ ያሬድን ዜማ በግዕዝ፣ በዕዝልና በዓራራይ ያዜማሉ። ከበሮው፣ ጸናጽሉና መቋሚያው እርስ በርሳቸው እየተደማመጡ ይሄዳሉ፤ አንዱ ቢቸኩል ሌላው ይመልሰዋል። በዙሪያው የቆመው ሕዝብ ትኬት አልቆረጠም፤ ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ የማዳመጥን ትዕግሥት የተማረው ከዚያ ነው።

ሥዕልም እንዲሁ ነው። ዛሬ የሥዕል ታሪክ ንግግር የምንለው ነገር በአገራችን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥር ሲሰጥ ኖሯል። ካህኑ ወደ ሥዕሉ እያመለከተ ለሕፃንና ለሽማግሌ ታሪኩን ያስረዳል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ደራጎኑን ሲወጋ፣ ብሩታዊትም በዛፍ ላይ ሆና ስትመለከት ይታያል። ደጋጎቹ ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን፣ ክፉዎቹ ደግሞ በጎን ተስለው በአንድ ዓይን ብቻ እንደሚታዩ የነገሩን እነዚሁ ካህናት ናቸው። ይህን ሕግ የተማረ ሰው የዓድዋን ጦርነት ሥዕል ሲያይ ወዲያው ያነበዋል። የኢትዮጵያ ሠራዊት በሁለት ዓይኑ ሲያይ የጣልያን ሠራዊት በጎን ተስሎ ይገኛል፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም ከላይ በፈረሱ ይታያል። በቤተ ክርስቲያን ጥበብ የሠለጠኑ እንደ በላቸው ይመር ያሉ ሠዓልያን እንዲህ ያለውን ሥዕል በሸራ እየሣሉ መሸጥ በጀመሩ ጊዜ፣ ገዢው የሥዕሉን ቋንቋ አስቀድሞ ያውቅ ነበር።

ከዚህ በኋላ በአራዳ አዲስ ድምፅ ተሰማ። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ኒኮላዎስ 2ኛ ለዐፄ ምኒልክ የናስ የሙዚቃ መሣሪያዎችን ላኩ፤ የማርሽ ሙዚቃም በከተማው መለመድ ጀመረ። ትልቁ ለውጥ ግን የመጣው በ1916 ዓ.ም. ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም ደረሱ፤ በአርመኖች ገዳምም ወላጆቻቸው በእልቂት ያለቁባቸው ልጆች ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰሙ። የልጆቹ ሙዚቃ ልባቸውን ስለ ነካው 40ውን ልጆች ወደ ኢትዮጵያ ለማምጣት ወሰኑ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ገቡ። ሕዝቡም «አርባ ልጆች» ብሎ ሰየማቸው። ኬቮርክ ናልባንዲያን የደረሱት የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ፣ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ የሆነው፣ በ1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓል ተሰማ። እስቲ አንባቢ ያስብ! በዚያ ገዳም ያለፈው መንገደኛ ልጆቹን አይቶ ምጽዋት ብቻ ሰጥቶ ቢሄድ ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር። የአገራችን የዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ አንዱ ምዕራፍ የተከፈተው አንድ ሰው ቆሞ ስላዳመጠ ነው።

የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥተው የማዘጋጃ ቤቱን የሙዚቃ ጓድ መሩ፤ ቀጥሎም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር ሠሩ። የኢትዮጵያን ዜማ በዘመናዊ መሣሪያ ለብዙ ድምፅ አቀናጅተው በመጻፍና ወጣቶችን በማስተማር የደከሙ ሰው ናቸው።

እስካሁን ያወሳነው የማርሽ ሙዚቃ የአደባባይ ሙዚቃ ነው፤ ከሩቅ ይሰማል። ከዚህ የተለየ፣ ቻምበር ሙዚቃ የሚባል አለ። ቻምበር ማለት ክፍል ማለት ሲሆን፣ በሳሎን ወይም በትንሽ አዳራሽ በጥቂት ሰዎች የሚጫወቱት ሙዚቃ ነው። ከሁሉ የታወቀው ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላና አንድ ቼሎ የሚገናኙበት ነው፤ በ18ኛው መቶ ዓመት መልክ ካስያዙት ደራሲዎች ዋናው የኦስትሪያው ዮሴፍ ሃይድን ነበር። እንዲህ ባለው ጨዋታ በትር ይዞ የሚመራ ሰው የለም። እያንዳንዱ የራሱ ድርሻ አለው፤ ባልንጀራውን ካላዳመጠ ግን ጨዋታው ይፈርሳል።

አንዳንድ ሰዎች ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፣ ለእኛ አይሆንም ይላሉ። እኔ ግን ይህ አባባል ትክክል አይመስለኝም። አባቶቻችን በዐቢይ ጾም አሥር አውታር ያለውን በገና በቤታቸው ሲደረድሩ በዙሪያው የሚቀመጡት ቤተ ሰብና ጎረቤት ነበሩ። በገና ድምፁ ዝግ ያለ ስለሆነ ቀርቦ ጸጥ ያላለ አይሰማውም። ይህ የክፍል ሙዚቃ ካልሆነ ሌላ ምን ይባላል? መሣሪያው ቢለይም የሰሚው ጠባይ አንድ ነው።

ለዚህም ምስክር የሚሆኑን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። አርባ ልጆች በመጡበት በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። በካይሮ ከፖላንዳዊው ቫዮሊን ተጫዋች ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ተማሩ፤ መምህሩም በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥተው የክቡር ዘበኛን የሙዚቃ ጓድ መሩ። እማሆይ ምንኵስናን ከተቀበሉ በኋላ የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጥንተው ለፒያኖ ብዙ ድርሰት ጻፉ። በ2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ያረፉት እኚህ እናት፣ ማሕሌቱና ፒያኖው በአንድ ሰው ጆሮ ውስጥ ተስማምተው ሊኖሩ እንደሚችሉ አሳይተውናል።

ወደ አራዳ እንመለስ። ጠላት ሊወረን በተዘጋጀበት በሐምሌ 1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ፤ ንግግርና ዘፈን የሕዝቡን ልብ ለማነቃቃት በአንድነት ተሰለፉ። በወረራው ጊዜ፣ በየካቲት 1929 ዓ.ም.፣ ፋሺስቶች የቅዱስ ጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን አቃጠሉ። ከነጻነት በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ታደሰ፤ ሀገር ፍቅርም ዳግመኛ ሥራውን ጀምሮ በአራዳ ቴያትር ቤት ሆነ።

በሥዕል በኩል ደግሞ ለእኛ ለተማሪዎች ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት የሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ ታሪክ ነው። በ15 ዓመት ዕድሜያቸው ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ተሰጥኦአቸው ግን ወደ ሥዕል መራቸው፤ በለንደን በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ተማሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1946 ዓ.ም. ገደማ ሥራቸውን በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ለሕዝብ አሳዩ። ከዚህ ትርኢት ባገኙት ገንዘብ በአውሮፓ እየተዘዋወሩ ሁለት ዓመት ያህል አጠኑ፤ በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ሥዕሎችም ተመለከቱ። ተመልሰውም የቅዱስ ጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን በሥዕል አስጌጡ። እንግዲህ ነገሩን ስንገጣጥመው፣ አዳራሹ ገብቶ ሥዕል ያየውና የገዛው ተመልካች ለሠዓሊው ጉዞ ከፍሏል፤ ሠዓሊውም በሰው አገር የአባቶቹን ብራና አንብቦ መጥቶ ዕዳውን በአራዳ ግድግዳ ላይ ከፍሏል።

ከፒያሳ ሽቅብ ስንወጣ ደግሞ ስድስት ኪሎ የዩኒቨርሲቲው ግቢ አለ። በዚያ በ1955 ዓ.ም. ገደማ በተከፈተው የኪነ ጥበብ ማእከል ግብጽ የተወለዱት የሙዚቃ ሊቅ ሐሊም ኤል ዳብ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረቱ። መሲንቆ፣ ክራር፣ በገና፣ ዋሽንት፣ እምቢልታና ከበሮ እንደ ልማዳቸው በየበኩላቸው ይሰሙ የነበሩ ናቸው፤ በዚህ ጓድ ግን በአንድ መድረክ ተቀመጡ። በኋላ ጓዱን ከመሩት መካከል መሲንቆ የተማሩት አሜሪካዊው ቻርለስ ሳተንና የሙዚቃ ደራሲው ተስፋዬ ለማ ይገኛሉ። መሲንቆው እምቢልታውን ለማጀብ መጀመሪያ ማዳመጥ ነበረበት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ አንድ አውታር ብቻ ያለው መሲንቆ ከሌሎቹ ጋር ሲተባበር አዳራሽ ሞላ።

አሁን ደግሞ ልብ የሚያሳዝነውን ክፍል ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። በጥር 2007 ዓ.ም. በ1898 ዓ.ም. የተሠራው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በእሳት ተጎዳ፤ የጃዝ ምሽት ይደረግበት የነበረው ጃዛምባ አዳራሽም ነደደ። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቆ ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት በከተማው የኮሪደር ልማት ምክንያት ደሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ። ነዋሪዎቹም ወደ ሩቅ ሰፈር ሄዱ። በክፍላችን ውስጥ በዚያ ያደጉ፣ ዛሬ ግን ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው በአውቶቡስ የሚመጡ ልጆች አሉ። አንዱ ባልንጀራዬ፣ «ቤታችን ጠባብ ነበረች፤ ነገር ግን በቅዱስ ጊዮርጊስ ዋዜማ ማሕሌቱ እስከ አልጋዬ ይመጣ ነበር» ብሎኛል። መንገዱ ሰፍቷል፤ መብራቱም አምሯል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ጎረቤት ሲበተን የሚበተነው አብሮ መስማት ነው። አዲስ ሕንጻ በጥቂት ዓመት ይቆማል፤ አብሮ የሚሰማ ሰፈር ግን በሁለትና በሦስት ትውልድ የሚሠራ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ማልቀስ ተማሪን አይጠቅመውም። ትምህርት ቤታችን ከየሰፈሩ የመጡ ልጆች፣ አስተማሪዎችና ወላጆች የሚገናኙበት ስለሆነ፣ የጠፋው ጉርብትና ሊተከልበት የሚችል ስፍራ ነው። ስለዚህ በዚህ የበዓል ዓመት በወር አንድ ምሽት በቤተ መጻሕፍታችን እንሰብሰብ ብዬ አሳስባለሁ። አንድ ተማሪ ክራር ቢጫወት፣ ሌላው ቫዮሊን ቢሞክር ይበቃል። አንድ መምህር ወይም አንድ ካህን አንድ ሥዕል ብቻ ይዘው፣ ማን ሣለው፣ ለምን ሣለው፣ ይህ ሰው ለምን አንድ ዓይን ብቻ አለው የሚለውን ያስረዱን። ወላጆችም በአራዳ የሰሙትንና ያዩትን ይንገሩን። ሃያ ወንበር ይበቃል። ወጪው ሻይ ነው።

ይህ ትንሽ ነገር ነው የሚል ቢኖር ታሪኩን ይመልከት። በገዳሙ ቆመው ያዳመጡት አንድ ሰው ነበሩ፤ የማዘጋጃ ቤቱ ትርኢት አንድ አዳራሽ ነበር። ከዚያ የወጣውን ግን አገር ሁሉ አይቶታል፣ ሰምቶታልም።

ነጋሪቱ ከአራዳ ገበያ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ዐዋጁ ግን አልተሻረም። አንባቢ ሆይ፣ ስማ፤ ላልሰማም አሰማ።