ስለ አደራ ልጆችና ስለ ወይዘሮ አበበች ጎበና

አደራ የሚባለው ቃል በኢትዮጵያ ሕዝብ ዘንድ እጅግ የከበደ ቃል ነው። ገንዘብም ከብትም በአደራ ይሰጣል፤ ከሁሉ ይልቅ ግን የሚከብደው የልጅ አደራ ነው። አባት ለዘመቻ ሲወጣ፥ እናትም በሞት አፋፍ ላይ ስትሆን ልጃቸውን ለጎረቤት ወይም ለዘመድ አደራ ብለው ይተዉታል፤ ተቀባዩም ያለ ጽሕፈትና ያለ ማኅተም በቃሉ ብቻ ታስሮ ያሳድገዋል። ወላጅ ያጣ ሕፃን ለጊዜው ተቀብሎ የሚያሳድግ ቤት በዛሬው መሥሪያ ቤት «የአደራ ቤተ ሰብ» ይባላል። አዲስ ስም አልተፈለገለትም፤ የቆየው ቃል በቅቶታል።

የሰውን ልጅ እንደ ራስ ልጅ አድርጎ ማሳደግም በአገሩ አዲስ ነገር አልነበረም። በሰሜኑ ክፍል የጡት አባትና የጡት ልጅ የሚባል ልማድ ነበረ፤ አሳዳጊው ጣቱን በማር ነክሮ ያጠባና ልጅነቱ በምስክር ፊት ይጸና ነበር። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ደግሞ ጉዲፈቻ አለ፤ በዚህ ሥርዓት የገባ ልጅ ከአብራክ ከወጣው ልጅ ሳይለይ ይቈጠራል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለዚህ ጉዳይ ሲደነግግ ጉዲፈቻ የሚለውን ቃል ወስዶ በአማርኛ ሕግ ውስጥ አግብቶታል። በቤተ ክርስቲያንም በኩል የክርስትና አባትና የክርስትና እናት ነበሩ፤ ከአገሩ ርቆ የመጣውንም የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በደጅ ሲቆም ቁራሽ የሚሰጠው የሰበካው ሰው ነበር። ይህ ሁሉ ደመወዝ የማይከፈልበት የበጎ ፈቃድ ሥራ ነው፤ ስሙን እንዲህ ብሎ የጠራው ግን አልነበረም።

ነገር ግን ይህ ልማድ ሁሉ የቆመው ተቀባይ በመኖሩ ላይ ነው። አንድ ቤት ቢፈርስ ሌላው ቤት ልጁን ያስገባዋል። ድርቅ መጥቶ የመንደሩ ቤቶች በአንድነት ሲፈርሱስ አደራውን ማን ይቀበላል? የወሎ ሰው በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ይህን መከራ ደጋግሞ አይቶታል። የወይዘሮ አበበች ጎበና ታሪክ የሚጀምረውም ከዚሁ ነው።

ወይዘሮ አበበች የተወለዱት በ1928 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፥ በሸዋ ውስጥ ሸበል አቦ በምትባል የገጠር መንደር ነው። ጊዜው የኢጣልያ ጦር ድንበር ጥሶ የገባበት ሰሞን ነበርና አባታቸው በዚያው ጦርነት ወደቁ። ሕፃኒቱንም እስከ ዘጠኝ ዓመቷ አያቶቿ አሳደጓት። እንግዲህ እርሳቸው ራሳቸው የአደራ ልጅ ነበሩ ማለት ይቻላል። ገና በዐሥር ዓመት ዕድሜ ሳይወዱ ቢዳሩ ከዚያ ጠፍተው አዲስ አበባ ገቡ፤ ጥቂት ትምህርትም ተማሩ፤ ኋላም በቡናና በእህል ኩባንያ ውስጥ የጥራት ተቈጣጣሪ ሆነው ሠሩ፤ ትዳርም ይዘው ኑሯቸው የተደላደለ ሆነ።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ወጡ። ግሸን በወሎ በአምባሰል አገር ያለች፥ ግማደ መስቀሉ ያረፈባት ስለ ሆነች ከየአገሩ ሕዝብ የሚጐርፍባት አምባ ናት። በዚያን ጊዜ ግን በመንገዱ ግራና ቀኝ የነበረው ሰው ተሳላሚ አልነበረም፤ በረኃብ የወደቀ ነበር። ወይዘሮ አበበች በእጃቸው የነበረው አምስት ዳቦና አምስት ሊትር ጠበል ነውና ያንኑ አደሉ። ከሞተች እናቷ አጠገብ ያልተለየች ሕፃን አገኙ፤ በመንገድ ዳርም ሊሞት የሚያጣጥር አባት ልጁን ያድኑለት ዘንድ ለመናቸው። ሁለቱን ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላም በቤታቸው የተሰበሰቡት እጓለ ማውታ 21 ሆኑ።

ባለቤታቸውና ዘመዶቻቸው ይህን ሲያዩ ከልጆቹና ከትዳሩ አንዱን እንዲመርጡ ነገሯቸው። በእነዚህ ሰዎች ላይ ለመፍረድ መቸኰል አይገባም። ዘመኑ የከተማ ሰው እህሉን በቀበሌ ሱቅ በራሽን የሚቀበልበት ዘመን ነበር፤ በእንደዚያ ያለ ቤት ላይ 21 አፍ መጨመር ለማንም ቀላል አይደለም። ያም ሆኖ ወይዘሮ አበበች ልጆቹን መረጡ። ንብረታቸውንም ትተው ከልጆቹ ጋር በጫካ አጠገብ ወደምትገኝ ደሳሳ ጎጆ ገቡ፤ እንጀራ እየጋገሩና ቆሎ እየቈሉ በመሸጥ ያበሏቸው ጀመር። ሥራቸው በመንግሥት ዘንድ በድርጅት ስም የተመዘገበው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1986 ነው። ከዚህ በፊት ያለፉት ዓመታት ድጋፍ ያልነበረባቸው፥ የአንዲት ሴት እጅና ጉልበት ብቻ የነበሩባቸው ዓመታት ናቸው፤ የታሪኩም ዋና ክፍል ይኸው ነው፤ ከዚያ ወዲያ የመጣው ሁሉ የዚህ ፍሬ ነውና።

ከተመዘገበ በኋላ ለጋሾች መጡ፤ ትምህርት ቤትና የሙያ ማሠልጠኛ ተከፈተ፤ በግቢው ውስጥም 150 ያህል ሕፃናት ይኖሩ ነበር። ይሁን እንጂ ወይዘሮ አበበች ግቢውን በማስፋት ብቻ አልተወሰኑም። ለድኃ እናቶች ሙያ እንዲማሩና ገቢ እንዲያገኙ ረዱ፤ እናት እህል ካገኘች ልጁ ከቤቱ አይወጣምና። ስለ አሳዳጊ አልባ ሕፃናት በ2001 ዓ.ም. በመንግሥት የወጣው መመሪያ ልጁን በተቻለ መጠን በወገኑና በአደራ ቤተ ሰብ ዘንድ ማኖርን አስቀድሞ፥ በማሳደጊያ ተቋም ማኖርን የመጨረሻ ማድረጉ ይህንኑ ሐሳብ ነው።

በዚህ መካከል ግን ብዙ ሕፃናት በጉዲፈቻ ወደ ባሕር ማዶ ሄደዋል፤ ከ1991 ዓ.ም. ወዲህ ወደ አሜሪካ ብቻ የሄዱት ከ15,000 ይበልጣሉ። ከእነዚህ መካከል ፍቅርና ትምህርት ያገኙ አሉ፤ ወላጁ በሕይወት ሳለ እንደ ሙት ልጅ ተጽፎ የተላከም አለ። አደራ የሰጠው ሰው ልጄን አየዋለሁ ብሎ ነው የሚሰጠው፤ ማኅተሙን ያኖረው እንግዳ ሕግ ግን ያን ተስፋ ቈርጦታል፤ ብዙ እናት ይህን ያወቀችው ልጇ ከሄደ በኋላ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. ለውጭ አገር ሰዎች ጉዲፈቻ መስጠትን በሕግ ከለከለ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሸክሙ በአገሩ ሰው ትከሻ ላይ ወድቋል፤ አደራ ተቀባይ ቤት ማግኘት፥ ለተቀበለውም ቤት የልጁን ልብስና ደብተር መርዳት፥ ልጁንም እየሄዱ መጠየቅ የየሰፈሩ ሰውና የየዕድሩ ሥራ ሆነ።

ወይዘሮ አበበች ጎበና ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በኮሮና በሽታ ዐረፉ፤ ዕድሜያቸው 85 ነበር። ሁለቱን ሕፃናት ከግሸን መንገድ ይዘው ከገቡ አርባ ዓመት አልፎ ነበር።