ተነቃይ ካዝና ለባለ ቦልት ጠመንጃ፦ ገዝቶ ከመተማመን በፊት መፈተን ያለባቸው ነገሮች

ለአደንና ለዒላማ ተኩስ ባለ ቦልት ጠመንጃ የሚይዙ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ። ጠመንጃው ከፋብሪካ ሲወጣ አብሮት የተሠራውን ቋሚ ካዝና አስወግዶ፣ ከሌላ አምራች በተገዛ ተነቃይ ካዝና መተካት ያዋጣል ወይ? የምኖረው በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት ሲሆን፣ በአደን ወቅት የምጠቀመው ጠመንጃ ሬሚንግተን 700 ነው። በዚሁ ጠመንጃ ላይ ሦስት ካዝናዎችን በተራ ሞክሬያለሁ። መልሱን አስቀድሜ ለመናገር ያህል፣ ያዋጣል። ነገር ግን ካዝና እንደ ማንገቻ ወይም እንደ ሽፋን ያለ ተጨማሪ ዕቃ አይደለም። ጥይት የሚያጎርሰው የጠመንጃው አካል በመሆኑ፣ በራስ ጠመንጃ ላይ ሳይፈተን ሊታመን አይገባም።

ከውጅግራ እስከ ተነቃይ ካዝና

ባለ ቦልት ጠመንጃ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ውጅግራ የምንለው እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው የፈረንሳይ ግራ ጠመንጃ ሲሆን፣ ስሙም የመጣው ፉዚ ግራ ከሚለው መጠሪያ ነው። ውጅግራ ካዝና አልነበረውም። ተኳሹ ቦልቱን ከፍቶ፣ ቀልሃውን አስወጥቶ፣ አንድ ጥይት ከዝናሩ መዞ በእጁ ማጉረስ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1898 የወጣው የጀርመኑ ማውዘር ግን ከሰደፉ ውስጥ የተደበቀ፣ አምስት ጥይት የሚይዝ ቋሚ ካዝና ነበረው። አባቶቻችን ቤልጅግ ይሉት የነበረው የቤልጂየም ጠመንጃም የዚሁ የማውዘር ቤተሰብ ነው።

የሚነቀል ካዝና ሐሳብም ቢሆን አዲስ አይደለም። ጄምስ ፓሪስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1879 የሳጥን ካዝና የፈጠራ መብት አግኝቷል። በእርሱ ንድፍ ላይ የተመሠረተውና እ.ኤ.አ. በ1895 የወጣው የእንግሊዙ ሊ ኤንፊልድ አሥር ጥይት የሚይዝ ተነቃይ ካዝና ነበረው። ይሁን እንጂ ወታደሩ ካዝናውን እየነቀለ አይቀያይርም ነበር። በኋላ የመጡት ሊ ኤንፊልዶች የሚጎርሱት ካዝናው ሳይነቀል፣ በአምስት በአምስት ከታሰሩ ጥይቶች ከላይ በመግፋት ነበር።

ሬሚንግተን 700 እ.ኤ.አ. በ1962 ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ በተለመደው የአደን ሞዴሉ ቋሚ ካዝና አለው። የአሜሪካ ጦር ኤም 24 የተባለው አነጣጣሪ ጠመንጃ የተሠራው በዚሁ ጠመንጃ ላይ ተመሥርቶ ሲሆን፣ እርሱም ቋሚ ካዝና ነበረው። ጦሩ እ.ኤ.አ. በ2010 ኤም 24ን ወደ ኤም 2010 ማሻሻል ሲጀምር፣ ከተለወጡት ነገሮች አንዱ አምስት ጥይት የሚይዝ ተነቃይ ካዝና መግጠም ነው።

በሲቪሉ ገበያ ደግሞ ብዙዎች የሚከተሉት የካዝና ንድፍ አክዩረሲ ኢንተርናሽናል ከተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የተገኘው ኤአይሲኤስ ነው። ዛሬ ይህን ንድፍ ተከትለው ካዝና የሚሠሩ አምራቾች በርካታ ናቸው። ማግፑልን የመሳሰሉት ከፕላስቲክ ሲሠሩ፣ ሌሎች ከብረት ይሠራሉ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ኤአይሲኤስ በአንድ የደረጃዎች ተቋም የጸደቀ መለኪያ ሳይሆን፣ አንዱ ከሌላው እያየ የሚሠራው ንድፍ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

የሚቀየረው ምንድን ነው?

ተነቃይ ካዝና ለመግጠም ካዝናውን መግዛት ብቻ አይበቃም። ከጠመንጃው ሥር ያለው የምላጭ ከለላና የቋሚ ካዝናው ክዳን ወጥተው፣ የካዝና ጉድጓድና መቆለፊያ ባለው ሌላ አካል መተካት አለባቸው። አዲሱ አካል ብዙውን ጊዜ ከአሮጌው ስለሚሰፋ ሰደፉን መቦርቦር ይጠይቃል። ይህን ሥራ ለጠመንጃ ባለሙያ መስጠት ይመረጣል። ሰደፍ መቦርቦር የማይፈልግ ሰው ከመጀመሪያውም ለካዝና የተዘጋጀ ሰደፍ መግዛት ይችላል።

ሁለቱ የማሰሪያ ብሎኖች አምራቹ ባዘዘው መጠን በመለኪያ ቁልፍ መጥበቅ አለባቸው። ብሎኑ ከላላ ወይም ከመጠን በላይ ከጠበቀ ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ከዚህ ሥራ በኋላ ዒላማ ላይ ተኩሶ የማነጣጠሪያ መነጽሩን እንደገና ማስተካከል የግድ ነው።

አፈታተኔ

የሞከርኳቸው ሦስቱም ካዝናዎች የኤአይሲኤስ ንድፍ ናቸው ተብለው የሚሸጡና ለ.308 ዊንቸስተር ጥይት የተሠሩ ናቸው። የመጀመሪያው አምስት ጥይት የሚይዝ የብረት ካዝና ነው። ሁለተኛውም አምስት የሚይዝ ሲሆን የተሠራው ከፕላስቲክ ነው። ሦስተኛው አሥር የሚይዝ የብረት ካዝና ሆኖ፣ ዋጋው የመጀመሪያውን ግማሽ አይሞላም። ከእያንዳንዱ ዓይነት የያዝኩት አንድ አንድ ብቻ ነው። በአንድ ዕቃ አንድን አምራች ማወደስም ሆነ መኮነን ስለማይገባ ስማቸውን አልጠቅስም።

ፈተናው አራት ደረጃ ነበረው። በመጀመሪያ ባሩድም ማቀጣጠያም በሌለው የልምምድ ጥይት እያንዳንዱን ካዝና 50 ጊዜ አጎረስኩ። ግማሹን ቦልቱን ቀስ ብዬ፣ ግማሹን በፍጥነት እየሳብኩ ነው። ቀጥሎ በተኩስ መለማመጃ ሜዳ በእያንዳንዱ 60፣ በድምሩ 180 እውነተኛ ጥይት ተኮስኩ። ሦስተኛ፣ በልምምድ ጥይት የሞላ ካዝና ከወገብ ከፍታ በጠጠር መሬት ላይ ሦስት ሦስት ጊዜ ጣልኩ። በመጨረሻም የደቀቀ የመንገድ አቧራ ነስንሼባቸው እንደገና አጎረስኩ።

ውጤቱ

የመጀመሪያው የብረት ካዝና ከ60ው ጥይት አንዱንም ሳያስቀር አጉርሷል። ሲገባም ሲወጣም መቆለፊያው በግልጽ ይሰማል።

የፕላስቲኩ ካዝናም በማጉረስ በኩል እንከን አልነበረውም። ነገር ግን ቦልቱ ተዘግቶ ሳለ አምስት ጥይት ሞልቶ ለማስገባት በመዳፍ ጠንከር አድርጎ መምታት ያስፈልጋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የላይኛው ጥይት በተዘጋው ቦልት ስለሚታገድ ሞላው ከዚያ በላይ መጨመቅ አለበት። ሁለት ጊዜ የተቆለፈ መስሎ ሳይቆለፍ ቀርቶ መሬት ላይ ወድቋል። አራት ጥይት ብቻ ሲጎርስ ግን ያለ ችግር ይገባል። ማንኛውም ካዝና ከገባ በኋላ ወደ ታች ሳብ አድርጎ መቆለፉን ማረጋገጥ ጥሩ ልማድ ነው።

ሦስተኛው ከ60 ጥይት በሰባቱ ከሽፏል። በአምስቱ ቦልቱ በጥይቱ ጀርባ ላይ ተንሸራትቶ አልፎ፣ ማጉረሻው ባዶ ሆኖ ተዘግቷል። በሁለቱ ደግሞ የጥይቱ አፍንጫ ከማጉረሻው በታች ካለው ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ጠመንጃው ነክሷል። ከሁለቱ የከፋው የመጀመሪያው ነው። ጠመንጃ ሲነክስ ተኳሹ ወዲያው ያውቃል። ቦልቱ ባዶውን ሲዘጋ ግን ምላጩ እስኪሳብ ድረስ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። በሜዳ ላይ ይህ የሚያናድድ ነገር ብቻ ነው። በአደን ላይ ግን የመጀመሪያው ጥይት አጋዘኑን አቁስሎ ሳይጥለው ቢቀር፣ አዳኙ ስቃዩን ለማሳጠር ያለው ዕድል ሁለተኛው ጥይት ነው። ያ ጥይት ካልጎረሰ እንስሳው ቆስሎ ጫካ ይገባል፤ ምናልባትም ሳይገኝ ይቀራል።

በመውደቅ ፈተናው ከሦስቱም አንዳንድ ጥይት ተፈናጥሮ ወጥቷል። የካዝናዎቹን ከንፈሮች በካሊፐር ስለካ ግን የተጣመመም የተሰነጠቀም አላገኘሁም። አቧራው ሦስቱንም ቀሰስ አድርጓቸዋል። ፈታትቼ በደረቅ ብሩሽ ሳጸዳቸው ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው ተመልሰዋል። በካዝና ውስጥ ዘይት ማብዛት አቧራ እንዲለጠፍ ስለሚያደርግ አይመከርም።

ጥፋቱ የማን ነው?

ሦስተኛውን ካዝና መጣል ቀላል ነበር። እኔ ግን ምክንያቱን ማወቅ ፈለግሁ። ለዚህ የሚረዳ ቀላል ዘዴ አለ። የልምምድ ጥይት ሞልቶ፣ በአንድ እጅ ካዝናውን ከሥር ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ይዞ፣ በሌላው ቦልቱን መሳብ ነው። ካዝናው ሲደገፍ ችግሩ ከጠፋ፣ ካዝናው ዝቅ ብሎ ተቀምጧል ማለት ነው። ተደግፎም ካልጠፋ ሞላው ደካማ፣ ወይም ከንፈሮቹ የተበላሹ፣ አሊያም ጥይት ገፊው የሚጣመም ሊሆን ይችላል።

የእኔው ሲደገፍ ችግሩ ጠፋ። ስለካውም ከመጀመሪያው ካዝና አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ተቀምጦ አገኘሁት። ከዚያ ይህንኑ ካዝና የአንድ ወዳጄ ተመሳሳይ ጠመንጃ ላይ ገጠምነው። የእርሱ መቆለፊያ ከሌላ አምራች የተገዛ ነው። 20 ጥይት ተኮስን፤ አንዱም አልከሸፈም።

እንግዲህ ካዝናው ብቻውን ሲታይ የተበላሸ አልነበረም። የካዝናው አምራች ጥርሱን በመጠኑ ከፍ አድርጎ ይሠራል። የመቆለፊያው አምራች ደግሞ መቆለፊያውን በመጠኑ ዝቅ ያደርጋል። እያንዳንዱ ለብቻው ቢታይ ልዩነቱ ጥቂት ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ግን ቦልቱ የጥይቱን ጀርባ ይስታል። አንዱ ተጠቃሚ ስለ አንድ ካዝና “ወደር የለውም” ሲል ሌላው ስለዚያው ካዝና “ገንዘቤን በላኝ” የሚለውም በዚህ የተነሳ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ስለሆነም የሌላ ሰው ምስክርነት፣ የእኔም ጭምር፣ በራስ ጠመንጃ ላይ የሚደረግን ፈተና አይተካም።

ጥቅሙና ጉዳቱ

ለዒላማ ተኳሽ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ብዙ ካዝና አዘጋጅቶ በፍጥነት መቀያየር ይችላል። ለአዳኝ ግን ዋናው ጥቅም ፍጥነት ሳይሆን ጠመንጃን ባዶ የማድረግ ቀላልነት ነው። ክዳን የሌለው ቋሚ ካዝና ባለው ጠመንጃ ጥይቶቹን ለማውጣት እያንዳንዱን በቦልቱ ወደ ማጉረሻው እየመሩ ማስወጣት ያስፈልጋል። ጣት በበረደበት፣ ብርሃን በደበዘዘበት የማታ ሰዓት ይህ አደጋ አለው። ተነቃይ ካዝና ይህን ድካም ያስቀራል።

ጉዳቱም መታወቅ አለበት። አሥር ጥይት የሚይዘው ካዝና ከሥር ስለሚወጣ፣ ጠመንጃ በእጅ ሲያዝ ክብደቱ ሚዛን በሚጠብቅበት ቦታ ላይ ይደነቀራል። ተኝቶ ለሚተኩስም ያስቸግራል። አጭሩ ባለ አምስት ለአደን ይበቃል። ከዚህ በላይ ግን ካዝናው ጫካ ውስጥ ወድቆ ከጠፋ ሬሚንግተኑ ተመልሶ ውጅግራ ሆነ ማለት ነው። አንድ አንድ ጥይት በእጅ ወደ ማጉረሻው እያስገቡ መተኮስ ነው። ስለዚህ የተፈተነ ሁለተኛ ካዝና ኪስ ውስጥ መያዝ ይገባል።

ካዝና ወጣ ማለት ጠመንጃው ባዶ ነው ማለት አይደለም

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውስ አንባቢ ቢኖር ይህን ቢሆን እመርጣለሁ። ካዝናው ሲወጣ በማጉረሻው ውስጥ ያለው ጥይት አብሮ አይወጣም። ካዝና የሌለበት ጠመንጃ ለዓይን ባዶ ስለሚመስል ያዘናጋል። ሬሚንግተን 700 ካዝና ባይኖረውም በማጉረሻው ያለውን ጥይት ይተኩሳል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ማድረግ፤ ጣትን ከምላጭ ማራቅ፤ ካዝናውን መንቀል፤ ከዚያ ቦልቱን ከፍቶ ያለውን ጥይት ማስወጣት፤ በመጨረሻም ማጉረሻውን በዓይን አይቶ በጣት ዳስሶ ማረጋገጥ። ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ቦልቱ ቀድሞ ከተከፈተና ካዝናው ሳይነቀል ከተዘጋ፣ አንዱ ጥይት ሲወጣ ሌላው ይገባል።

ስለ ሕግ ጥቂት

በአሜሪካ የካዝና ሕግ ከግዛት ግዛት ይለያያል። ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው ሕግ፣ ካሊፎርኒያም በራሷ ሕግ ከአሥር ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝናን ይከለክላሉ። የአደን ደንቦችም ጠመንጃው የሚይዘውን የጥይት ብዛት ሊወስኑ ስለሚችሉ፣ ከመግዛት በፊት የሚኖሩበትንም የሚያድኑበትንም ግዛት ሕግ ማየት ያስፈልጋል።

ለአገር ቤት ዘመድ “ትንሽ ዕቃ ናት” ብሎ ካዝና በሻንጣ መያዝ ደግሞ ጨርሶ የሚታሰብ አይደለም። የጠመንጃ አካላትን ከአሜሪካ ማውጣት በአሜሪካ ሕግ ቁጥጥር የሚደረግበት ሲሆን፣ በኢትዮጵያም የጦር መሣሪያ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ የሚጠይቅ ነው።

በጥቅሉ፣ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የመቆለፊያው አካል አምራች የትኞቹን ካዝናዎች እንደሚመክር ይጠይቅ። ሁለት ይግዛ፤ በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር ይጻፍበት። በልምምድ ጥይት፣ ቀጥሎም በሚያድንበት ጥይት ይፈትናቸው። አንድ ጊዜ እንኳ የከሸፈ ካዝና ምክንያቱ ታውቆ እስኪስተካከል ድረስ ለልምምድ ሜዳ ይቅር እንጂ ወደ ጫካ አይሂድ። እኔ ለአደን የምይዘው የመጀመሪያውን የብረት ካዝናና፣ አራት ጥይት ብቻ የሚጎርሰውን የፕላስቲኩን ነው። ሦስተኛው በወዳጄ ጠመንጃ ላይ ያለ ችግር እያገለገለ ይገኛል።